የበረንዳውን መብራት አጥፊው

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልተናገርኩም፣ ለጓደኛም አልተናገርኩም። እዚህ አቡዳቢ፣ ሙሳፋህ ካለው ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የነፍስ አባቴ ፊት ተንበርክኬ፣ ማስኬን አገጬ ላይ አውርጄ፣ ጾም እንደገደፍኩ፣ ሰው እንዳማሁ፣ እናቴን በስልክ እንደተቆጣኋት አንድ በአንድ ለፍልፌ፣ «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባ» ብዬ ተነስቼ ወጥቻለሁ። ሌላ ነበረ። ያ ሌላው ይኸውላችሁ።

ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ስግደት አታዙኝም። «አይዞሽ፣ ልጅ ነበርሽ» የሚለኝ ካለ ደግሞ ከአሁኑ ይተወኝ። ልጅ አልነበርኩም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የሰው ሀገር ገብቼ፣ የሰው ልጅ የማሳድግ ሴት ነበርኩ። የማደርገውን አውቅ ነበር።

ያደረግኩት ይሄ ነው። የሞተ ሰው የሚዘፍነውን ዘፈን፣ በሕይወት ያለ ሰው ዘፈን አድርጌ ተረጎምኩ። ይሄን እንኳን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ አውቶቡስ ውስጥ ሳይቀር ሲያወሩት ሰምቻለሁ። ማንም የማያውቀው ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ነው። ውሸቴን አንስቼ ሌላ ሴት ጀርባ ላይ ጫንኩት። እስከ ዛሬ ተሸክማዋለች። መሸከሟን አታውቅም።

ያኔ የምሠራበት ቤት ኤምሬትስ፣ አል አይን ከተማ ነው፣ አል ጂሚ ሰፈር፣ ከገበያ ሞሉ ብዙ የማይርቅ ቪላ። ኮሮና ገብቶ ሞሉ ሲዘጋ፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ ከአል አይን አቡዳቢ ለመሄድ እንኳ ፈቃድ ሲያስፈልግ፣ ሁላችንም እዚያ ግቢ ውስጥ ተቆለፍን። ማዳም፣ ባሏ፣ ሦስቱ ልጆች፣ እኔና እትዬ ጥሩ። እኔ የልጆቹ ሞግዚት ነኝ፤ እትዬ ጥሩ ምግብ ሠሪ።

እትዬ ጥሩ የደብረ ታቦር ሰው ናት። እኔ ከመምጣቴ በፊት እዚያ ቤት ዘመን ቆጥራለች፤ ትልቋን ልጅ ሚራን በጨቅላነቷ በነጠላ አዝላ አሳድጋታለች። የመጣሁ ሰሞን «እርስዎ» ብላት፣ «ምነው አንቺ ልጅ፣ እዚሁ ልታስረጂኝ ነው? አንቺ በይኝ፤ የአገሬ ሰው በአንቱታ እስኪያጣድፈኝ ትንሽ ልረፍበት» ብላ ሳቀችብኝ። ስለዚህ አንቺ እላታለሁ። እሷ ደግሞ እኔን ነፋሷ ትለኛለች። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማልችል። «ነፋሷ፣ ወይ ግቢ ወይ ውጪ! በሩን እየከፈትሽ ኤሲውን ለበረሃው አታብርጂለት።»

ወንድም አላት። አላት ልበል፣ ነበራት ልበል? አለምነህ ይባላል። እናታቸው ስትሞት ገና ዳዴ የሚል ነበርና ያሳደገችው እሷ ናት። እዚህ መጥታ በሰው ማጀት ስትቆም አስተማረችው፣ መንጃ ፈቃድ አስወጣችው፣ የአይሱዙ ሹፌር ሆነ፣ ሚስት አገባ። ሚስቱ ሙሉ ትባላለች። እትዬ ጥሩ የእኔን ስልክ ቁጥር ለሙሉ ሰጥታት ነበር፤ «ለክፉ ቀን ይሁን» ብላ።

ክፉ ቀኑ ሆሳዕና ሰሞን መጣ። ሙሉ ደወለችልኝ። የአለምነህ መኪና መተማ መንገድ ላይ ተገልብጧል። ተቀብሯል። «አደራሽን እትዬ እንዳትሰማ» አለችኝ።

እዚህ ላይ የማያውቅ ይወቀው። የእኛ ሰው መርዶ በስልክ አይነግርም። መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌና ጎረቤት በማለዳ ተሰብስበው ይሄዳሉ፣ ሟች የማን እንደሆነ ሳይጠሩ ያስቀምጡሻል፣ አንዷ ከኋላ ትቆማለች፤ ስትወድቂ የምትይዝ። እዚህ ሀገር እንኳን ዕረፍት ቀን ጠብቀው፣ ሙሳፋህ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ትልልቆቹ ሴቶች ተመካክረው ነው የሚያረዱት። ያን ጊዜ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ዝግ ነው፣ አውሮፕላኑ ቆሟል፣ ሰው ከሰው መቀመጥ ክልክል ነው። ማን ይያዛት? ስለዚህ ተደበቀ። «ጭነት ይዞ ድንበር ሄዶ ኳራንቲን አስገቡት፤ ስልኩንም አላስያዙትም» ተባለች። አመነች። ኮሮና ለውሸት የተመቸ ዘመን ነበር፤ ያልተዘጋ ነገር ስላልነበረ ምንም ብትይ ይታመናል።

እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለብኝም። አደራ ተቀበልኩ፣ አደራ ያዝኩ። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዘፈኑ ነው።

ሚራ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ትምህርቷን በኮምፒውተር ትጨርስና ስፒከሯን ትከፍታለች። ክፍሏ ከውጪው ኩሽና በላይ ነው፤ መስኮቷን ስትከፍት ሙዚቃው እኛ ድስት ውስጥ ይገባል። ያን ሰሞን አንድ የሮክ ዘፈን ያዛት። ሰውዬው ብቻውን በቀስታ ይጀምራል፤ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ከዚያ ጊታሩ ይመጣል፣ ከበሮው ይመጣል፣ ሰውዬው ይጮኻል፣ የመስኮቱ መስታወት ይርገበገባል። እንግሊዝኛዬ የትምህርት ቤት ነው፤ ሚራ ስትደጋግመው ግን ቃሉ ሁሉ ገባኝ። ዘፋኙ ሞቷል። ሞቶ ለሚስቱ ነው የሚናገረው።

እራቴን አታስቀምጪ ይላል። ውሻው ሲጮኽ አትውጪ፣ እኔ አይደለሁም። የበረንዳውን መብራት አጥፊው፣ መንገድ ላይ አይደለሁም።

በቃ ይሄው ነው። ገነት የለ፣ ሲኦል የለ፣ መላእክት የሉም። እራት፣ ውሻ፣ መብራት። እኔ በሕይወቴ ስለ ሞት እንደዚህ ያለ እውነተኛ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ጥሩ ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላዋዋን አቆመች።

«ነፋሷ።»

«አቤት።»

«ይሄ ልጅ እየዘፈነ ነው እያለቀሰ?»

«እየዘፈነ ነው እንጂ። ፈረንጅ ሲዘፍን እንዲህ ነው።»

«የለም። እኔ ሙሾ አውቃለሁ። ይሄ ሙሾ ነው። ምንድን ነው የሚለው? አንቺ የተማርሽው።»

ለፋሲካ አለምነህ አልደወለላትም። ፊቷን አየሁት። ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ እንጃ፣ ዓይኗ ቀልቷል። እኔ ምን አልኩ? ዝም ማለት እችል ነበር። አልሰማሁትም ማለት እችል ነበር። የፈረንጅ አማርኛ አይገባኝም ብዬ ማሳቅ እችል ነበር። አላደረግኩም። እኔ የተማርኩት! አፌን ከፍቼ እያንዳንዱን ቃል ገለበጥኩት።

«ሩቅ አገር የሄደ ሰው ነው» አልኳት። «ለቤቱ ሰዎች ነው የሚዘፍነው። እራቴን አስቀምጡልኝ ይላል። ውሻው ሲጮኽ ውጡ፣ እኔ ነኝ። የበረንዳውን መብራት አታጥፉት፣ መንገድ ላይ ነኝ ይላል።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። በክንዷ ዓይኗን ጠረገች። «እሰይ» አለች። «እሰይ የእኔ ልጅ። እኔን ነው የሚለው። ዘፋኝ ማለት እንዲህ ነው፤ የሚጮኸው መንገዱ ስለረዘመበት ነው።»

መንገዱ ስለረዘመበት! ይሄን የምትል ሴት ዋሸሁ እኮ።

ከዚያ በኋላ ዘፈኑ የእሷ ሆነ። ሚራ ካልከፈተችው ከታች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ታንኳኳለች፤ ሚራ በመስኮት ብቅ ብላ እየሳቀች ትከፍትላታለች። ፈረንጅኛውን አትችለው፤ ዜማውን ይዛ እኔ የሰጠኋትን አማርኛ ጨመረችበት። ድስት ስታማስል «መብራቱን አታጥፉት» ትላለች። ሳምቡሳ ስትጠቀልል «መንገድ ላይ ነኝ» ትላለች። አጉል ሆና እንኳን አልታየችኝም፤ ታምር ነበር። ብሶ ደግሞ ስልኳን አውጥታ እየዘፈነች ለአለምነህ በድምፅ ትልክለታለች። «ሆዴ፣ ስልክህን ሲመልሱልህ ትሰማዋለህ። የኛይቱ ነፋስ የፈረንጅ ዘፈን ተርጉማልኝ ነው። እራትህ ተቀምጧል።»

ስልኩ የነበረው ሙሉ ጋ ነው።

ሙሉ ደወለችልኝ። በረመዳን እኩሌታ ግድም ነበር። «በመድኃኔዓለም» አለችኝ፣ «አስቁሚያት። አልጋዬ ውስጥ ስልኩን አቅፌ እተኛለሁ፣ እሷ እራትህ ተቀምጧል ትለዋለች። አበድኩ። እንኳን እኔ ቤተ ዘመዱ ሁሉ አበደ። ንገሪያት። እኛ ፈቅደናል፣ የንስሐ አባቱም ፈቅደዋል። አርባው ሳይደርስ ንገሪያት፤ ቁጭ ብላ ታልቅስ፣ ሻማ ታብራ፣ ለአርባው በስሟ የሚደረገው ይደረግ። ለሌላው ቀን ባትደርስ ለአርባው ትድረስለት።»

አሁን ነው፤ እዚህ ላይ ነው ያልተናገርኩት።

ተፈቅዶልኛል። ከአደራው ተፈትቻለሁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የተደበቀው ለማንም ሲባል አይደለም፣ ለእኔ ነው። ለምን? እውነቱን ንገሪን ካላችሁኝ ያስጠላል፤ ግን እነግራችኋለሁ። ረመዳን ነው። ቤቱ ተቆልፎ የሚበላው በእጥፍ ሆኗል። እትዬ ጥሩ ፍራሽ ላይ ከወደቀች ያ ኩሽና የእኔ ነው። ሀሪስ የሚሉት የስንዴና የሥጋ ገንፎ፣ ሳምቡሳው፣ ሾርባው፣ ጎህ ሳይቀድ የሚበላው የሱሑር ሩዝ፣ ከዚያ ሦስት ልጅ፣ ከዚያ ትንሹ ልጅ ትምህርቱን ሲከታተል አጠገቡ መቀመጥ። አሰብኩት። ቁጭ ብዬ አሰብኩት። የአንዲት ሴት ሐዘንና የራሴን ወገብ መዘንኩ። ወገቤ ከበደ።

ሌላም አለ። ያ ቤት ውስጥ እንዲለቀስ አልፈለግኩም። ሁሉም ሰው ስለሞት ሲያወራ፣ ቴሌቪዥኑ ስለሞት ሲያወራ፣ አንዲት ሴት እየዘፈነች ነበር፤ የምትዘፍነውም እኔ የሠራሁላትን ነው። ደስ ይለኝ ነበር። ይሄንንም እጽፈዋለሁ፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ለሙሉ ምን አልኳት? «እኔማ ልነግራት ነበር፤ ማዳም ከለከለችኝ» አልኳት። «ዒድ እስኪያልፍ ትንፍሽ እንዳትይ፣ ሥራ ይበላሻል አለችኝ።» ሙሉ ማዳምን ረገመቻት። እርግማኑ ረጅም ነበር። ማዳም ስለ አለምነህ መሞት የምታውቀው ነገር አልነበረም። ማዳም ከላይ ቤት ከእህቷ ጋር በስልክ ስለ አዲስ መጋረጃ እያወራች ነበር።

ማዳም መልአክ አይደለችም። ልንገራችሁ፣ እኔ የማዳም ጠበቃ አይደለሁም። ስልኬን ስትቀማኝ አውቃለሁ፣ «ያላ ያላ» እያለች ከእንቅልፌ ስትቀሰቅሰኝ አውቃለሁ። የራሷ ኃጢአት ይበቃታል። ይሄኛው ግን የእሷ አይደለም። የእኔ ነው።

አርባው አለፈ። እዚያ ደብረ ታቦር ጥቂት ሰው ተራርቆ ቆሞ ጸለየለት። እዚህ አል ጂሚ እህቱ የቴምር ኩኪስ እየጋገረች «መንገድ ላይ ነኝ» ትላለች። ያን ቀን እኔ የት ነበርኩ? አጠገቧ። ትሪ እየቀባሁላት። ቀኑን አውቀው ነበር። አብሬያት ዘፈንኩ። ሰምታችኋል? አብሬያት ዘፈንኩ። አርባ ደግሞ አይደገምም። ሙት ዓመት አለ፣ ሌላ መታሰቢያ አለ፤ አርባ ግን አንድ ጊዜ ነው፣ ያለፈው አለፈ።

ዒድ መጣ። እንግዳ የለም፤ ቤተሰቡ ብቻውን ለብሶ ተቀመጠ። ከምሳ በፊት ሚራ አዲስ ቀሚሷን ልታሳይ ወደ ውጪው ኩሽና ወረደች። እትዬ ጥሩ አጨበጨበችላት፣ አዙራ አየቻት፣ እልልታ ብጤ አሰማችና በዐረብኛ «ቆንጅዬ፣ ለዒድ ያንን ዘፈኔን ክፈቺልኝ፤ ያንን ለእራት የሚመጣውን ሰውዬ» አለቻት። ዐረብኛዋ የኩሽና ነው፤ ግን ከእኔ ይሻላል።

ሚራ ሳቀች። «ማን ነው የሚመጣው? ላ፣ ላ። ማት!» አለች። ሞቷል። «ሰውዬው ሞቷል፣ ለዚያ ነው እራት አታስቀምጪልኝ የሚላት። ኸላስ፣ በቃ፣ አይመጣም።»

እትዬ ጥሩ አልተናደደችም። መጀመሪያ ሚራን ቀጥሎ እኔን አየችኝ። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ማን እንደሚያነሳው የጠፋው ዕቃ ይመስል ነበር። ሩዙን ከእሳት አወረደች። ምድጃውን አጠፋች። እጇን ታጠበች። ከዚያ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ነፋሷ፣ ሰው ስለ ፈረንጅ ዘፈን ምን ብሎ ይዋሻል?»

የታጠበ ድስት አንስቼ መጥረግ ጀመርኩ።

«የማይጠቅም ውሸት ነው እኮ። ሞቷል ብትይኝ ምን ቸገረኝ? አላውቀው። ሙሾ ነው ብዬሽ ነበር። እኔ እንዳልሰማ ያደረግሽው ሌላ ነገር አለ።» እርጥብ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ማን ነው የሞተብኝ?»

ይኸው። ሽማግሌ የለ፣ ጎረቤት የለ፣ ከኋላ የሚቆም ሰው የለ። እኔ አለሁ፣ ሚራ አለች፣ ከእሳት የወረደ ማሰሮ አለ። አሁንም መዋሸት እችል ነበር። በቃኝ።

«ዘፈኑን ልክ ልንገርሽ» አልኳት።

ነገርኳት። በዜማ አይደለም፤ እንዲሁ በአፌ። እራቴን አታስቀምጪ ይላል አልኳት። ውሻው ሲጮኽ አትውጪ፣ እኔ አይደለሁም ይላል። የበረንዳውን መብራት አጥፊው፣ መንገድ ላይ አይደለሁም ይላል። የመጨረሻው ላይ ስደርስ «አለምነህ» አለች። ጥያቄ አልነበረም። ራሴን ነቀነቅኩ።

ስትወድቅ ያዝኳት። ክብደቷ ሁሉ ደረቴ ላይ መጣና አብረን መሬት ላይ ተቀመጥን። አልጮኸችም። እንድትጮኽ ፈልጌ ነበር።

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከሆሳዕና ሰሞን።»

«አርባውስ?»

«አለፈ።»

ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። ለሞቱ አይደለም፤ ለአርባው። ሚራ ደንግጣ ወደ ላይ ሮጠች። እትዬ ጥሩ ሁለት ክንዴን ይዛ «ማን ነው እንደዚህ ያደረገኝ? ሙሉ ናት?» አለችኝ።

እኔ ነኝ ማለት ሁለት ቃል ነው። ሁለት ቃል! አፌ ውስጥ ነበር።

«ማዳም ናት» አልኩ። «ዒድ እስኪያልፍ እንዳትነግሪያት አለችኝ።»

ማዳም ያኔ ደረሰች። የዒድ ቀሚሷን እንደለበሰች፣ ሽቶዋ ቀድሟት፣ ሚራ ከኋላዋ እያለቀሰች። አየችንና ሳትጠይቅ እዚያ ቅባት የተረጨበት ወለል ላይ ተቀመጠች። በዚያ ቤት ማዳም ወለል ላይ ስትቀመጥ አይቼ አላውቅም። «ጥሩ፣ ማን ነው? ወንድምሽ ነው?» አለች፤ ስሙን ሚራ ሰምታ ነግራት መሆን አለበት፤ እሷም ማልቀስ ጀመረች። እጇን ዘረጋች። ሄና የተቀባ እጅ ነበር።

እትዬ ጥሩ እጇን ሰብስባ ብብቷ ውስጥ ከተተች። ማዳም እንዳትሰማ በአማርኛ፣ ለእኔ፣ «ይህችን ሴትዮ ከፊቴ አንሺልኝ» አለች። «ለሳምቡሳዋ ብላ ወንድሜን የደበቀች። አሁን ደግሞ ታስመስላለች።»

ማዳም ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለች?»

ሁለቱም እኔን ያያሉ። እኔ አስተርጓሚዋ። እዚያች ቅጽበት ላይ ብዙ ጊዜ ተመልሻለሁ፤ ምግብ ሳበላ፣ ልብስ ሳጥፍ፣ አውቶቡስ ስጠብቅ። ሁለት ሴቶች፣ አንድ የተዘረጋ እጅ፣ አንድ የተደበቀ እጅ፣ መሀላቸው እኔ።

«ማዘኗ ነው ማዳም» አልኩ። «ብቻዬን ተዉኝ ነው የምትለው።»

ማዳም እጇን አጠፈች። ተነሳች። የቀሚሷን ጫፍ የያዘውን ዘይት እንኳ አላየችውም። ያን ሰሞን ምሳ ከውጪ አስመጡ፤ እትዬ ጥሩን ማንም ሥራ አላዘዛትም። ማዳም ምግብ በትሪ አድርጋ ራሷ እያመጣች በሯ ላይ ታስቀምጣለች። እትዬ ጥሩ በእግሯ ወደ ውጪ ትገፋዋለች። እኔ የተገፋውን አነሳለሁ። ኩሽናውን ፈርቼ ነው የዋሸሁት፤ ኩሽናው እንኳን አልመጣብኝም።

አውሮፕላን ሲከፈት እትዬ ጥሩ ሄደች። ማዳም የሰጠቻትን ሻንጣ ያለ ምንም አልጋው ላይ ትታው ሄደች፤ ሳትሰናበታትም ወጣች። ሚራን ብቻ አቅፋ ሳመቻት። ማዳም ባዶ ክፍሉ በር ላይ ቆማ «ምን በድያት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አላውቅም ማዳም» አልኳት።

አሁን እዚያ ቤት አይደለሁም። አቡዳቢ ነኝ፣ አል ፈላሕ፣ ሌላ ቤት፣ ሌላ ልጆች። ዕረፍት ሳገኝ ሙሳፋህ ለቅዳሴ እሄዳለሁ። ወሬው ደርሶኛል። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች፣ እኔ መሆኔን ሳያውቁ፣ «በዘፈን አረዳቻት አሉ! በዚያ ሰይጣን በሚጮኽበት ዘፈን!» ሲባባሉ ሰማሁ። «ወግ የሌላት» አለች አንደኛዋ። «የአዲስ አበባ ልጅ ምን ታደርገዋለህ» አለች ሌላዋ ለመስኮቱ። እኔም በመሀላቸው አንገቴን አስግጌ «እኔ ነኝ፤ ሰይጣንም የለበትም፤ ልተርጉምላችሁ?» አልኳቸው። በሚቀጥለው ፌርማታ ወረዱ። መውረጃቸው እንዳልነበረ አውቃለሁ።

በዘፈን ማርዳቴ አይቆጨኝም። ልትቀየሙኝ ትችላላችሁ። ሰው ተሰብስቦ «ያው እንግዲህ የእግዜር ሥራ ነው» ከሚላት፣ ያ የሚጮኽ ሰውዬ የነገራት ይሻላል። እኔ ያንን ዘፈን ከሚራም ከማንም በላይ ገብቶኛል። ሚራ የሚያሳዝን ዘፈን ነው ትላለች። ሴቶቹ የሰይጣን ነው ይላሉ። እኔ ሰውዬው እየተቆጣ ነው እላለሁ። አትጠብቂኝ፣ ብይ፣ ተኚ እያላት ነው። ሙት ለቋሚ ሊያደርግ የሚችለው አንድ ደግ ነገር እውነቱን መንገር ነው፤ እሱ አደረገው። ይሄንን ደግነት ነው እኔ የሰረቅኩት። ከእራት አስቀምጪው ይልቅ አታስቀምጪው የሚለው ፍቅር እንደሆነ ገብቶኝ፣ ገብቶኝ ሳለ፣ ገለበጥኩት።

እትዬ ጥሩ ትደውልልኛለች። ደብረ ታቦር ከሙሉ ጋር ነው የምትኖረው። ይሄ ነው የማይቻለው። «ነፋሷ» ትለኛለች፣ «በዚያ ቤት እውነቱን የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ያቺ ሴትዮ የሥራዋን ይስጣት፤ አንቺን ግን ልጄ ብያለሁ። ስትመጪ ቀጥታ ወደ እኔ ነው። እራትሽን አስቀምጬ ነው የምጠብቅሽ።» እኔም «እሺ እትዬ» እላለሁ። እሺ እያልኩ ስንት ዘመን!

ይሄን ጽፌ ስጨርስ እደውልላታለሁ። ቄሱ ጋ ሄጄ ቀለል እንዲለኝ አልፈልግም፤ ቀላል ነገር አላደረግኩም። ይቅር በይኝ ብዬም አልለምናትም። ልመና ሌላ ሸክም ነው፤ ይቅር ማለት አለማለትን እንደ ሥራ ልሰጣት አልፈልግም። የምነግራት እንዲሁ ነው፣ ያን ዕለት ዘፈኑን እንደነገርኳት፣ ያለ ዜማ።

እትዬ፣ የዒድ ቀን እጇን የዘረጋችልሽ ሴትዮ ምንም አታውቅም ነበር። ሙሉ ንገሪያት ብላኝ ነበር። አርባውን የከለከልኩሽ እኔ ነኝ። ደብረ ታቦር ብመጣም በደጅሽ አላልፍም።

እራቴን አታስቀምጪ።